ከፍራሼ ስር የገባው ቤንዚን

ቤንዚን ሲሸተኝ ዛሬም ድረስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። ነዳጅ ማደያ አጠገብ ስደርስ ፊቴ እንደሚጠቁር ልጆቼ ያውቃሉ፤ ይስቁብኛልም። ይሳቁ። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ ኮልፌ ውስጥ፣ የሟች አባቴ ባልንጀራ የነበሩ መካኒክ ሰልባትዮ የሚሉትን የነዳጅ ቋት ከነቤንዚኑ እኔ ከምተኛበት ፍራሽ ስር አስረው፣ ብሎኑን አጥብቀው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው «በይ እንግዲህ ይመችሽ» ብለውኛል። እነሱ ይሄ አልደረሰባቸውም።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት፣ ነበርኩ። ከአንዲት ፈረንጅ ነርስ ጋር በየገጠሩ እየዞርኩ ሕፃናት እከትባለሁ፤ አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላት ስለነበር እኔም እዚህ ሲስተር እላታለሁ። ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ሥራ የማይሰለቻት፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። ክፉ ነበረች አልልም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ የእናቴና የእኔ ኑሮ በዚሁ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህንን እናቴ በየቀኑ ታስታውሰኛለች።

ሲስተሯ ከአገሯ በመርከብ ያስመጣቻት፣ እንደ ቤት የሚታደርባት መኪና ነበረቻት። ውስጧ በቀኝና በግራ ሁለት አልጋ፣ በመሀል መተላለፊያ፣ አንዲት ምድጃ፣ አበባ አበባ ያለው መጋረጃ ነበራት። እናቴ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረች፣ አንገቷን በበሩ አስገብታ ውስጡን አየች፣ ከዚያ «ሽንት ቤቱስ?» አለችኝ። የቀኙ አልጋ ሰፊ ነበር፤ የሲስተሯ ነው። የግራው ከጎማው በላይ የሚያልፍ ጠባብ መደብ ነው፤ እሱ የእኔ ነበር። በዚህ ቅሬታ አልነበረኝም። መኪናዋ የሷ ነች፤ ሰፊውን ብትተኛበት ማን ይፈርድባታል።

መኪናዋ ማሞቂያም ነበራት። ማሞቂያው ከወለሉ ስር የተገጠመ ሆኖ ከመኪናው ሰልባትዮ በቀጭን ቱቦ ቤንዚን እየሳበ ያቃጥላል፤ ጭሱን ወደ ውጪ ይተፋና የሞቀውን አየር ብቻ ወደ እኛ ይነፋል። ከአምቦ በላይ ያለው ደጋ ውርጭ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው የዚህ ዕቃ ጥቅም ይገባዋል። ሞተሩም ማሞቂያውም የሚጠጡት ግን ከአንድ ዕቃ ነበር። አንድ ጠዋት እዚያው ደጋ ላይ ሲስተሯ ቁልፉን ብታዞረው መኪናው አልነሳ አለ። የቀረችንን ቤንዚን ማሞቂያው ስንተኛ ጨርሷታል። ሞቆን ተኝተን ተነሳን፤ መሄጃ ግን አጣን። በእግርና በበቅሎ ቤንዚን ፈልገን እስክንመለስ ቀኑ መሸ፤ ክትባቱ የተቀመጠበት በረዶ ቀለጠና ክትባቱ ተደፋ። ልጆቻቸውን አዝለው ገበያው ዳር ሲጠብቁን የዋሉ እናቶችም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሲስተሯ መኪናዋን ወደ ከተማ መልሳ ነዳች። አዲስ አበባ ስንደርስ «ማሞቂያው የራሱ ሰልባትዮ ያስፈልገዋል» አለችኝ። ፒያሳ ያለ ትልቅ ጋራዥ ልትወስዳት አስባ ነበር። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። «ሰፈሬ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያውቁ ሰው አሉ» ያልኳት እኔ ነኝ። ምን አገባኝ? ግን ሰፈሬን ወደድኩ። ፈረንጅ ኮልፌ መጥታ የኛን ሰው ሙያ ብታይ ደስ ይለኛል ብዬ ነው።

መካኒኩ ጎበዝ ለመሆናቸው ማንም አይክድም። ከጣልያኖች ጋር ሠርተው የተማሩ ናቸው። ከባሕር ዛፎቹ ስር በቆርቆሮ ያጠሩት ጋራዥ ነበራቸው፤ ከከተማው ማዶ ሳይቀር ሰው መኪናውን ይዞላቸው ይመጣል። አባቴ በሞተ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። አንቱ እያልኩ የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ምላሴ እሺ አይለኝም እንጂ ሌላ ነገር ማለት ያምረኛል።

የመጀመሪያው ቀን ሦስታችን መኪናዋ አጠገብ ቆመን እሳቸው በአማርኛ፣ ሲስተሯ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በመሀል ሆኜ ተነጋገርን። ሲስተሯ «ከውጪ፣ ከወለሉ ስር ቢሆን አይሻልም ወይ?» አለች። ተረጎምኩ። መካኒኩ መኪናዋ ስር ገብተው ትንሽ ቆይተው ወጡና «ቦታ የለም። ቢኖርም ድንጋይ ይመታዋል በያቸው» አሉ። ተረጎምኩ። «ከውስጥ በግራ በኩል ይመቻል በያቸው።» እሱንም ተረጎምኩ። ሲስተሯ ራሷን ነቀነቀችና ጥሩ አለች። «በግራ በኩል ይመቻል» ብዬ በገዛ አፌ ያልኩት ዓረፍተ ነገር የኔን አልጋ እንደሚመለከት በዚያች ደቂቃ ፈጽሞ አልመጣልኝም። አስተርጓሚ ሲሆኑ እንዲህ ነው፤ ቃሉ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም።

በአራተኛው ቀን ሲስተሯና እኔ መኪናዋን ለመውሰድ ሄድን። ሥራው ያምር ነበር፤ ይሄን አልክድም። ላሜራውን ቆርጠው፣ በሞርሳ ነክሰው አጥፈው፣ በይደው፣ ውኃ ሞልተው ሳያንጠባጥብ ማደሩን አይተው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው አረንጓዴ ቀለም ቀብተውታል። መካኒኩ በኩራት ፍራሼን ገለጥ አደረጉልን። ሰልባትዮው ከመደቡ ስር ልክክ ብሎ ገብቶ፣ በሁለት ብረት ታስሮ ተቀምጧል። መሙያው አፉም እዚያው ውስጥ ነው። ሰልባትዮ ደግሞ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ቤንዚኑ ሲጎድል አየር ካልገባበት አይወርድም። መተንፈሻውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ስበው በመደቡ ጠርዝ፣ ልክ ትራሴ በሚያርፍበት በኩል አውጥተውታል። ዕቃው አፍንጫዬ ስር ሊተነፍስ ነው ማለት ነው።

ሲስተሯ ጎንበስ ብላ አየችና «ንጹሕ ሥራ ነው፤ ጥሩ» አለች። ከዚያ የሞተሩን ዘይት ለማየት ወደ ኋላ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኔ አልጋ ነው» አልኳቸው።

«አዎ። ታዲያ የማን እንዲሆን ፈለግሽ?»

«በሳቸው በኩልም እኮ እንዲሁ ያለ ቦታ አለ።»

መካኒኩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሲስተሯ አማርኛ የምትሰማ ይመስል። «ምን ነካሽ ልጄ? እሳቸው እንግዳ ናቸው። ባሕር ተሻግረው አገራችን የመጡ ሰው ቤንዚን ላይ እናስተኛ? ነውር አይደለም? አንቺ የቤት ልጅ ነሽ።»

ያሉት ነገር እኔ ያደግኩበት ነገር ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ አልጋው ለእንግዳ ይለቀቃል፤ እኛ ልጆች መሬት ላይ ሰሌን ይነጠፍልናል። ጥሩው ብርድ ልብስ ከሳጥን የሚወጣው ለእንግዳ ነው። ማንም ከፍቶት አያውቅም፤ እንዲያውም እንግዳ የመጣ ቀን ደስ ይለን ነበር። መካኒኩ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የቤታችንን ደንብ አንስተው መኪና ውስጥ ከተቱት። ነገሩ የገባኝ ግን አስኮን አልፈን፣ ሳንሱሲን ጨርሰን፣ ሜዳው ላይ ከወጣን በኋላ ነው። ቤቱ የማን ነው? የሷ። መኪናዋ የሷ፣ አልጋዎቹ የሷ፣ ምድጃው የሷ፣ መጋረጃው የሷ። ታዲያ እንግዳዋ ማን ነች? እኔ! በኛው ደንብ ከሄድን ቤንዚኑ መግባት የነበረበት በቀኝ በኩል ነው። ይህንን ለራሴ በልቤ ተናግሬ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ሲስተሯ ምን አሳቀሽ ብትለኝ ምንም አልኳት።

በዚያ ጉዞ ሁለት ሌሊት አደርን። ሁለቱንም ጠዋት ራሴን ጠፍንጎ ይዞኝ ነበር የነቃሁት፤ በሁለተኛው ጠዋት ከመኪናዋ ወርጄ አስታወከኝ። ሲስተሯ ግንባሬን ዳብሳ «ጉንፋን ነው» አለችና አስፕሪን ሰጠችኝ። ሽታውንም አልሸተተኝም አላለችም፤ «አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ይሸታል፤ ይለቃል» አለች። መስኮቱን ከፈት አድርጋ ብርዱ ሲገባባት መልሳ ዘጋችው። ከሁሉ የባሰው ፋኖሱ ነው። ፋኖሱ የሚሰቀለው በኔ በኩል ነበር፤ ክብሪት የምጭረውም እኔ ነኝ። ክብሪት በጫርኩ ቁጥር እንደ ችቦ ቦግ ብዬ የምጠፋ ይመስለኝ ነበር፤ ይሄ የፍርሃት ወሬ አይደለም፣ የቤንዚን ሽታና ክብሪት አንድ ቦታ ሲገናኙ ምን እንደሚያመጡ መካኒክ መሆን ሳያስፈልግ ይታወቃል።

ለምን ያን ጊዜውኑ ለሲስተሯ አልነገርኳትም? ራሴን ስንቴ ጠይቄያለሁ። ሰውየውን ያመጣኋቸው እኔ ነኛ። «ያልሽው ጎበዝ ይሄ ነው?» ብትለኝ ሰፈሬ ነው የሚዋረደው። ደግሞም ፈራሁ። የምትናገር ሠራተኛ ትወደዳለች ወይስ ትባረራለች፣ ያንን የሚያሳየኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ስንመለስ መጀመሪያ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኩ ከአንድ ጭነት መኪና ስር እግራቸው ብቻ ይታያል። እዚያው ስር ሆነው ሰሙኝ።

«ራስ ምታት ብቻ ነው?»

«አስታወከኝ እኮ ጋሼ!»

«ይለመዳል። እኔን እይኝ፤ ሰላሳ ዓመት ቤንዚን ውስጥ ነው የኖርኩት። ምን ሆንኩ?»

«እርስዎ እዚያ ላይ አይተኙም።»

«አቤት አቤት!» አሉና ከስር ወጡ። «አባትሽ ቢኖር እንዲህ አትመልሺልኝም ነበር።»

ይህቺን ንግግር የት እንደሚያስቀምጧት ያውቁበታል። ዞሬ ወጣሁ፤ ነገሩ ግን እስከ ቤቴ ድረስ አቃጠለኝ። የእናቴን ነገርማ ተዉት። ነገሩን ገና ሳልጨርስ «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። «ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም? እኚህ ሰው አባትሽን የቀበሩ ናቸው። ፈረንጇስ ነገ ሌላ ሰው ብታገኝ? ስንት የተማረ ልጅ ቦታሽን ይፈልጋል መሰለሽ። መስኮቱን ከፈት አድርገሽ ተኚ።»

«መስኮቱን የምትከፍተውም የምትዘጋውም እሷ ናት» አልኳት። እናቴ «እንግዲያው ተከናነቢ» አለችኝ። የልጇን ሕይወት ጠልታ አይደለም። ሥራዬን የማጣ መስሏት ደንግጣ ነው። ግን ሰው በገዛ እናቱ ቤት ተከናንበህ ተኛ ሲባል ምን ይሰማዋል?

ሁለተኛው ጉዞ ሳምንት ሙሉ ነበር። በተነሳንበት ጠዋት ሲስተሯ ሰልባትዮው እንዲሞላና መካኒኩ ማሰሪያውን ደግመው እንዲያዩት ስላለች በጋራዡ በኩል ሄድን። መካኒኩ ፍራሼን ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉ፤ ማንሳት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ጀሪካኑን በጉልበታቸው ደግፈው በቆርቆሮ ማጥለያ መቅዳት ጀመሩ። ማጥለያው ዘነበለና ቤንዚኑ እናቴ በሰጠችኝ ብርድ ልብስ ላይ ፈሰሰ። ጥቂት አልነበረም፤ ብርድ ልብሱ ጠጣው።

«ምንም አይል፣ ይተናል» አሉ።

ሲስተሯ ከውጪ «ዝግጁ ነን ወይ በይልኝ» አለችኝ።

አልተረጎምኩም። እስከ ዛሬ ድረስ ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ፤ በእንግሊዝኛ «እኔ አልሄድም» አልኳት። «ይሄ ዕቃ ያለው ከኔ አልጋ ስር ነው። ጉንፋን አይደለም የያዘኝ፤ ቤንዚን ስተነፍስ እያደርኩ ነው። እላዩ ላይ ተቀምጬ ክብሪት እጭራለሁ። ሥራዬን ውሰጂው፤ እዚህ ላይ ግን አልተኛም።» እያለቀስኩ ነበር የተናገርኩት፤ በማልቀሴም ተናደድኩ።

ሲስተሯ ቀይ ፊቷ ይበልጥ ቀላ። ወደ ውስጥ ገባች። ፍራሹን ገለጠች፣ ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቷ አንስታ አሸተተች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ከመተንፈሻው ቱቦ አጠገብ አስጠጋች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከሽታው ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«እንግዲያው አልጋ እንቀያየር» አለች። «አንቺ በኔ ላይ ተኚ። እዚህ እኔ እተኛለሁ።» የራሷን ትራስ አንስታ ወደ እኔ አልጋ ወረወረችው።

መካኒኩ ጀሪካኑን እንደያዙ «ምን አሉ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ቃል በቃል፣ ረጋ ብዬ፣ እያንዳንዷን ፊታቸው ላይ እያየሁ ነገርኳቸው።

«በስመ አብ!» አሉ። ጀሪካኑን መሬት ላይ አኖሩት። «ምን ማለታቸው ነው? እሳቸው እዚህ ላይ? ኧረ አይደረግም! ቢቃጠሉስ?»

ቢቃጠሉስ። እንግዲህ ሰውየው ያውቁ ኖሯል። ይለመዳል ሲሉኝ ያውቁ ነበር፤ አባትሽ ቢኖር ሲሉኝ ያውቁ ነበር፤ ይመችሽ ሲሉኝም ያውቁ ነበር። ብሎኑን ሲያጠብቁ ሊቃጠል የሚችል ነገር ከሰው ስር እያሰሩ እንደሆነ እጃቸው ያውቅ ነበር። ያ ሰው እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው አሳባቸው እስከዚያ ያልሄደው።

መካኒኩ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ። ሲስተሯን «አንድ ጊዜ ይታገሱኝ በያቸው» አሉኝና ሰልባትዮውን ፈተው አወጡት። ከኋላው ጎማ ባሻገር፣ ከወለሉ ስር፣ «ቦታ የለም» ያሉበት ቦታ ላይ ገጠሙት። ድንጋይ እንዳይመታው ከአሮጌ ጭነት መኪና የተቆረጠ ወፍራም ላሜራ ከፊቱ አቆሙለት። መሙያውን ወደ ውጪ አዞሩት፤ መተንፈሻውንም በመኪናዋ ጎን ወደ ላይ ስበው ንፋስ እንዲያገኘው አደረጉ። ወለሉ ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ደፈኑ። ለምሳ ሳይደርስ አለቀ። አንድ ጠዋት እንኳ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ውስጥ እስከሠራሁበት ቀን ድረስ ማሞቂያው አንድም ቀን አልከዳንም፤ ሰልባትዮውንም ድንጋይ አልነካውም።

ሲስተሯ ሥራውን አይታ «አመሰግናለሁ በይልኝ» አለችኝ። አልኩላት። መካኒኩም ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዜር ያክብራቸው። ለሠራተኛ አልጋውን የሚለቅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም በያቸው» አሉኝ። እሱንም ተረጎምኩ። ለኔ የተናገሩት ነገር ቢኖር ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አስጪው የሚል ብቻ ነው።

ከጉዞው ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ሰፈሩን አዳርሷል። እናቴ በር ላይ ቆማ ሲስተሯን መረቀቻት፤ እጇን ልትስም ምንም አልቀራትም። እድር ላይ ወሬው ለዓመታት ተወራ፤ ፈረንጇ ለድሬሰሯ አልጋዋን ልትለቅ እንደነበር፣ መካኒኩም ያንን አይተው እንዴት እንደተጣደፉ። በዚያ ወሬ ውስጥ እኔ የለሁም። አልሄድም ያለች ሴት የለችም። አንዳንድ ጊዜ «ኧረ እኔ ነኝ የተናገርኩት» ስል፣ «አይ አንቺ፣ ደግነቷን ልትሸፍኚባት ነው» ይሉኛል።

ይሄም ቢሆን እሱ አይደለም እንቅልፍ የሚነሳኝ። በዚያ ቀን መኪናዋ ከጋራዡ ልትወጣ ስትል ወደ ሲስተሯ ዞርኩና አመሰገንኳት። ማንም አላስገደደኝም። ከልቤ ነው፤ እጇን በሁለት እጄ ይዤ። ቤንዚኑ ከኔ ስር ሲታሰር ጎንበስ ብላ አይታ ጥሩ ያለችው እሷ ነች፤ ሳስታውክ ጉንፋን ያለችው እሷ ነች፤ መስኮቱን የዘጋችው እሷ ነች። እኔ ግን እንዳልቃጠል ስለተደረገልኝ አመሰገንኳት።

እሷም እጄን መታ መታ አደረገችና መሪዋን እያዞረች «ምንም አይደል» አለችኝ።